ይርጋ የሌለው ዕዳ

በዚህ እትም ስለ አንድ አሮጌ ጣሪያ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ርእሱ የመሐንዲስና የግንበኛ እንጂ የካህን አይመስልም። ሆኖም ከዚያ ጣሪያ ሥር አንድ የሕሊና ጥያቄ ተቀምጧል። ዛሬ ባለማወቅ የሠራሁት ሥራ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰውን የሚጎዳ ከሆነ፣ ሕግም የማይጠይቀኝ ከሆነ፣ ዕዳ አለብኝን?

ነገሩን ያስጀመረው ለቅሶ ነው። የመንገዱ ሁኔታ ረገብ ባለበት ሰሞን፣ የአንድ የቀድሞ ተማሪያችን አባት ማረፋቸውን ሰምቼ ወደ ላስታ፣ ወደ ገነተ ማርያም ሄድሁ። ልጁ ከዚያ ተነሥቶ፣ ያን ጊዜ እኔ በማገለግልበት ከተማ ከዘመድ ተጠግቶ በቁምስናችን ትምህርት ቤት የተማረ ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ የሕንፃ ሥራ ፎርማን ሆኗል። የቁምስናችን ምእመን አይደለም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ «አባ» ይለኛል፤ እኔም ልጄ እለዋለሁ።

በለቅሶው ቤት ማጀት እንጀራ ይጋገር ነበር። ከምድጃው አጠገብ አረንጓዴ የዘይት ቀለማቸው የተላላጠ አሮጌ የመስኮት ክፈፎች ተከምረዋል። አንድ ዘመድ ከተማ ውስጥ ከፈረሰ ቤት በርካሽ ገዝቶ አምጥቷቸው፣ ደህና ደህናው ለቤት ሥራ ተመርጦ፣ የተሰባበረው ለማገዶ ተትቶ ነበር። ፎርማኑ ይህን እንዳየ አንዱን ጉማጅ ከእሳቱ ጎትቶ አወጣና «እማዬ፣ ቀለም ያለበትን እንጨት አትማግጂው» አላት። «እንጨት አይደለም ወይ ልጄ? በዚህ አገር እንጨት ከየት ይገኛል?» አለችው። እርሱም አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት እንደሚችል፣ ጢሱና አመዱም ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትን እንደሚጎዳ ቀስ ብሎ አስረዳት። በዚያ ማጀት ውስጥ ስድስት ሕፃናት ነበሩ።

እርሳስ የተባለው ማዕድን ቀለምን ለማድመቅና ቶሎ ለማድረቅ ለብዙ ዘመን ሲጨመር የኖረ ነው፤ በተለይም በቢጫ፣ በቀይና በአረንጓዴ የዘይት ቀለሞች። ሰውነት ከካልሲየም አጥርቶ ስለማይለየው በአጥንት ውስጥ ያኖረዋል፤ እናት ስታረግዝም ከአጥንቷ ተነሥቶ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ሕፃን ልጅ ወደ ሆዱ ከገባው እርሳስ ከአዋቂ ሰው 4 እስከ 5 እጥፍ አብልጦ ወደ ደሙ ሊያስገባ ይችላል፤ የሚጎዳውም አእምሮውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያመጣ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ያስተምራል። የዓለም ሥራ ድርጅት ነጭ የእርሳስ ቀለም በቤት ውስጥ እንዳይቀባ የሚከለክለውን ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ ነገ የሚሸጠውን ቀለም ይቆጣጠራል እንጂ ትናንት የተቀባውን በርና መስኮት አይፍቅም። አሮጌው ቀለም ቤቱ እስኪፈርስ ይጠብቃል፤ በሚፈርስበትም ቀን በአቧራ፣ በጢስና በአመድ ይወጣል።

ከሠልስቱ በኋላ ፎርማኑና እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። ገነተ ማርያም ከላሊበላ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ፣ ከአንድ ዐለት ተፈልፍላ የታነጸች ቤተ ክርስቲያን ናት። ሥራዋ በ13ኛው መቶ ዘመን ከነገሡት ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ጋር የተያያዘ ነው፤ የግድግዳ ሥዕሎቿም በጥንታዊነታቸው የታወቁ ናቸው። ከውጭ በዙሪያዋ የቆሙትን ዓምዶች እየተመለከትን ሳለ ፎርማኑ እንዲህ አለ፦ «አባ፣ እኛ ሕንፃ ስንሠራ እንጨምራለን። እነዚህ ግን እየቀነሱ ነው የሠሩት። አንድ ጊዜ ያለ አግባብ የወጣ ድንጋይ ተመልሶ አይገባም።» እውነቱን ነው። በላስታ ማንሣት እንደ ማስቀመጥ ያለ ሙያ ነበር። ዛሬ ግን መገንባትን ሙያ፣ ማፍረስን ጉልበት ብቻ አድርገን ቆጥረናል። ለግንባታው መሐንዲስ እንጠራለን፤ ለማፍረሱ ዲጅኖ የያዘ የቀን ሠራተኛ ይበቃል እንላለን።

ከዚያም ዞር ብሎ ጠየቀኝ፦ «የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ያወረድንባትን ቅዳሜ ያስታውሷታል?»

«እንዴት እረሳታለሁ? እየዘፈናችሁ ነበር እኮ።»

«አስቤስቶስ ነበር፣ አባ።»

ቀኑ በ1996 ዓ.ም. ከክረምቱ መግቢያ በፊት ነበር። ማዕርገ ክህነት ከተቀበልሁ ብዙ አልቆየሁም። የትምህርት ቤቱ አሮጌ ክፍል ሞገድ ባለው ግራጫ ክዳን የተሸፈነ ነበር፤ ዝናብ ያስገባ ስለ ጀመረ በቆርቆሮ ልንለውጠው አሰብን። ሥራ ተቋራጩ የጠየቀው ዋጋ ከእጃችን በላይ ስለ ሆነ ከትልልቆቹ ተማሪዎች ዐሥራ አንዱን ለመንሁ። በመዶሻ እየሰበሩ ወደ ታች ጣሉት፤ ስብርባሪውን በእጃቸው ተሸከሙት፤ ግቢውንም በደረቅ መጥረጊያ ጠረጉት። አቧራው እንደ ጉም ቆሞ ነበር። እኔም ዳቦና ሻይ አቀረብሁላቸውና አመሰገንኋቸው። ከስብርባሪው ገሚሱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ቦረቦር ተጣለ፤ የቀረውን ጎረቤቶች ለዶሮ ቤት ክዳን ወሰዱት። እኔም ንብረት ለድሃ በመትረፉ ደስ አለኝ።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ፣ እሳት የማይበላው፣ እንደ ክር የሚሰነጠቅ ማዕድን ነው። ከሲሚንቶ ጋር ሲደባለቅ ብርቱና ርካሽ ክዳን፣ ኮርኒስና የውኃ ቧንቧ ይሆናል። ክዳኑ ሳይሰበር ተቀምጦ ሳለ ክሮቹ በሲሚንቶው ውስጥ ታስረው ይኖራሉ። ሲሰበር፣ በመጋዝ ሲቆረጥ ወይም ሲበሳ ግን ዓይን የማያያቸው ክሮች ከአየር ጋር ይደባለቃሉ፤ ወደ ሳንባ ከገቡም ለብዙ ዘመን ይቀመጣሉ። የሳንባ መጠንከር፣ የሳንባ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ የተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ከዚህ ይመጣሉ። በሽታው የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። የአንድ ቀን አቧራ የሚያመጣው አደጋ ጥቂት ነው፤ አደጋው በየቀኑ ሲተነፍሱት እያደገ ይሄዳል። ጥቂት ማለት ግን ባዶ ማለት አይደለም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ራሴን መርምሬአለሁና። አላወቅሁም ነበር። በዘርአ ክህነት እንደ ተማርነው ግን አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ምንም ቢደክም ሊያሸንፈው የማይችለው አለማወቅ አለ፤ ቢጠይቅ ሊያሸንፈው የሚችለውም አለ። እኔ የነበረኝ የትኛው ነው? በዚያ ቅዳሜ ማለዳ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ በበሩ ሲያልፉ «አባ፣ የዚህ ክዳን አቧራ ደግ አይደለም፤ ልጆቹን ባያስነኩት» ብለውኝ ነበር። «ዝናቡ ሳይቀድመን እንጨርሰው ብለን ነው» ብዬ ሸኘኋቸው። አልጠየቅኋቸውም። ዓለም ግን ያውቅ ነበር፤ የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ አስቤስቶስ የተለየ ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986፣ ኢጣሊያም በሕግ የከለከለችው በ1992 ነበር። እንግዲህ አለማወቄ ሊሸነፍ የሚችል ነበር፤ ያላሸነፍሁት ስለ ቸኮልሁ ነው።

በጎ አሳብም ብቻውን ዕዳን አይከፍልም። ለዚህ ምሳሌውን በዚያው በላስታ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1954 ገደማ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለመጠበቅ ታስቦ ዐለቱ ሬንጅ ተቀባ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረገበት። አሳቡ በጎ ነበር፤ ሽፋኑ ግን ለዐለቱ የሚስማማ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢጣሊያዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው የጥገና ቡድን ያን ሽፋን ማስወገድ ነበረበት። አንዱ ትውልድ በችኮላ የቀባውን ሌላው ትውልድ በድካም ይፍቃል። የሚፍቀውም አብዛኛውን ጊዜ የቀን ሠራተኛ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የአገራችን ሕግ ስለ ጎረቤት ደኅንነት ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ፣ በአንቀጽ 44 ለሁሉም ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት መሆኑን ደንግጓል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታ በፈቃድና የሰውን ደኅንነት በማያሰጋ መንገድ እንዲካሄድ አዘዘ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስረዳና የመከላከያ ትጥቅ እንዲሰጥ ግዴታ ጣለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሕንፃ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ ነገር ግን በአንቀጽ 2143 የጉዳት ካሣ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይወስናል። ይህ ይርጋ ይባላል። ክስ ዘላለም ተንጠልጥሎ እንዳይኖር ይርጋ ያስፈልጋል። ግን በአቧራ የመጣ ጉዳት «ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው? አቧራው በተተነፈሰባት ቅዳሜ ነውን? ወይስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ትንፋሽ ባጠረበት ቀን?

ይህ ጥያቄ በኢጣሊያ በፍርድ ቤት ታይቷል። በካዛሌ ሞንፌራቶ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1986 የአስቤስቶስ ሲሚንቶ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። የምርቱ ስም ኢተርኒት ይባላል፤ ከላቲን የተወሰደ፣ ዘላለማዊነትን የሚያመለክት ስም ነው። ከጊዜ በኋላ የፋብሪካው ሠራተኞች ብቻ ሳይሆኑ የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ያጠቡ ሚስቶችና በፋብሪካው በር ገብተው የማያውቁ የከተማው ነዋሪዎች ሞቱ። በ2013 የቱሪን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአንድ የቀድሞ የኩባንያው ኃላፊ ላይ የ18 ዓመት እስራት ፈረደ፤ በኅዳር 2014 ግን ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት ክሱ በይርጋ ታግዷል ብሎ ፍርዱን ሻረው። በኋላ ሌሎች ክሶች ተከፍተዋል። ያን ቀን በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ያለቀሱት ሰዎች የተረዱት ግን ይህን ነው፦ በሽታው ከሕጉ ይልቅ ታጋሽ ነበር።

እኔ ግን ከዚህ የምማረው ሕግን መናቅ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ አለዚያ ደም በቤቱ ላይ እንደሚሆን ያዛል። ይህ የሕንፃ ሕግ ነው። የሚወድቀው ሰው ገና አልታወቀም፤ ምናልባትም ገና አልተወለደም፤ ባለቤቱ ግን አስቀድሞ ዕዳ አለበት። ኦሪት ዘሌዋውያንም በ14ኛው ምዕራፍ ደዌ ስለ ታየበት ቤት ሥርዓት ሠርቷል። ባለቤቱ ለካህኑ ይነግራል፤ ዕቃው አስቀድሞ ይወጣል፤ ቤቱ ይመረመራል፤ ይዘጋል፤ ግድግዳው ይፋቃል፤ የተፋቀው አቧራ ከከተማ ውጭ በተለየ ስፍራ ይጣላል፤ በቤቱ የበላና የተኛ ሰው ልብሱን ያጥባል። ሙሴ ስለ አስቤስቶስ ተናግሯል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ያ ሥርዓት የቤት ደዌ ከቤቱ ባለቤት አልፎ የሕዝቡ ጉዳይ መሆኑን፣ ያወቀ ሰው ዝም ማለት እንደማይገባው፣ ፍርስራሹም ስፍራ እንደሚያስፈልገው ያሳያል። መርምር ተብሎ የታዘዘው ካህን ነው። እኔ ግን በዚያች ቅዳሜ ዳቦ አዳይ ሆኜ ነበር።

«ዳቦ ለሌለው ሰው ስለ አቧራ ማስተማር ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ክፉ አይደለም። የተሟላ መከላከያ ውድ ነው፤ ሀብታሞችም ሳይቀሩ ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል ሲቃጠል ከጣሪያውና ከጉልላቱ ከ400 ቶን በላይ እርሳስ ለእሳት ተጋለጠ። በዚያ ዓመት ሐምሌ ለሠራተኞቹ የተደረገው ጥበቃ በቂ ስላልነበረ ሥራው ለጥቂት ሳምንታት ቆመ፤ እንደገና ሲጀመር ሠራተኞቹ ልብስ የሚለውጡበትና የሚታጠቡበት ሥርዓት ተጠናከረ። ያ ታላቅ ካቴድራል ለሠራተኛው ሳንባና ደም ሲባል መዘግየት ከቻለ፣ የእኛም ትምህርት ቤት ክረምቱን ሊያሳልፍ ይችል ነበር። ደግሞም ከጥንቃቄው አብዛኛው ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

ስለዚህ በየቁምስናው ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አሮጌ ቤት ከመንካታችሁ በፊት ዕድሜውንና የተሠራበትን ጠይቁ። ግራጫውን አሮጌ ክዳንና ኮርኒስ፣ ተመርምሮ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ አስቤስቶስ እንደ ሆነ ቁጠሩት። ያልተሰበረና ጽኑ ከሆነ መተዉ ይሻላል፤ አትብሱት፣ አትፋቁት። መነሣት ካለበት የከተማውን ሹም አማክሩና ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ስጡ፤ በውኃ ይርጠብ፣ ሳይሰበር ከነሙሉነቱ ይውረድ፣ በወፍራም ላስቲክ ደርቦ ተጠቅልሎ በተፈቀደ ስፍራ ይቀበር። በደረቁ አይጠረግ። ነጠላና ተራ የጨርቅ መሸፈኛ እነዚህን ክሮች አያስቀርም፤ ለዚህ የተሠራ፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ማጣሪያ ያስፈልጋል። የሥራ ልብስ ወደ ቤት አይሂድ። አሮጌ ቀለም በእሳት ወይም በደረቅ የብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፤ ረጥቦ ይፋቅ። ቀለም የተቀባ እንጨት አይማገድ። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከስፍራው ይራቁ። ፍርስራሽን ለድሃ መስጠት ምጽዋት የሚሆነው ለራሳችን ልጆች የማንፈራውን ስንሰጥ ብቻ ነው። በላስታ ውኃው ራሱ በሴቶች ጀርባ የሚመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህም ከሥራው ዋጋ ይቆጠር እንጂ ጥንቃቄውን ማስቀሪያ ሰበብ አይሁን።

ከገነተ ማርያም ከመመለሴ በፊት ፎርማኑና እኔ የዐሥራ አንዱን ልጆች ስም ጻፍን። ልንገራቸው ወይስ እንተው? በአንድ በኩል አደጋው ጥቂት ነው፤ ሰውን በማይረዳው ፍርሃት ማስጨነቅም ፍቅር አይደለም። በሌላ በኩል አስቤስቶስ የተነፈሰ ሰው ሲጋራ ቢያጨስ የሳንባ ካንሰር አደጋው እጅግ ይበዛል፤ ይህን ያወቀ ማጨሱን ሊተው ይችላል፤ ሳል ሲይዘውም ለሐኪሙ የሚነግረው ነገር ይኖረዋል። እውነቱ የሚያደርጉት ነገር የሚሰጣቸው ከሆነ ልነፍጋቸው መብት የለኝም። እኔን ዝም ያሰኘኝ ስለ እነርሱ ማሰብ ሳይሆን እፍረቴ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ዘጠኙን በስልክ አገኘናቸው፤ ሁለቱን እስከ አሁን እየፈለግን ነው። አንዱ «አባ፣ ያን ጊዜ ቢያውቁ ኖሮ ያዙን ነበር?» አለኝ። «አላዛችሁም ነበር» አልሁት። «እንግዲያው ይበቃኛል» አለ። ሌላው ምንም ሳይመልስ ስልኩን ዘጋው፤ ያም መብቱ ነው። ሲጋራ የሚያጨሰው ደግሞ ከወር በኋላ ደውሎ ለመተው እየታገለ መሆኑን ነገረኝ። ቁምስናውም ነገሩን ሰምቶ ለጎረቤቶቹ የዶሮ ቤት ቆርቆሮ ገዛ፤ አሮጌው ክዳን ከዶሮ ቤቶቹና ከቦረቦሩ በጥንቃቄ ተሰብስቦ፣ ከተማው ባመለከተው ስፍራ ተቀበረ። የተቀበረበትም ቦታ በቁምስናው መዝገብ ተጻፈ፤ ከእኛ በኋላ የሚቆፍር ሰው ይኖራልና።

በደልና ዕዳ አንድ አይደሉም። በደሌን በንስሓ ተናዝዣለሁ፤ ስለ ምሕረቱም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ዕዳው ግን በእነዚያ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ነው፤ እነርሱ በሕይወት እስካሉ ድረስ ከእኔ ጋር ይኖራል። ሕግ ይርጋ አለው፤ ሊኖረውም ይገባል። ለጎረቤት ያለብን ፍቅር ግን ይርጋ የለውም። ሁለቱን ልጆች የምታውቁ ካላችሁ፣ በ1996 ዓ.ም. ያን ጣሪያ ያወረዱትን፣ አባ እየፈለጓችሁ ነው በሏቸው።